የቅጠሉ ጀርባ

ተማሪዎቼን "ፍጹም ተመሳሳይ ቃል የሚባል የለም፤ ተቀራራቢ እንጂ" እያልኩ ስንት ዓመት ሳሰለች ኖሬ፣ ትምህርቱ ለራሴ የገባኝ በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ ቡሬ አጠገብ፣ በአክስቴ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ የአሜሪካ መጤ ተምች የሚሉት ትል አገራችን የገባው በዚያ ዓመት ነበር። ጎጃምንም አልማረም። አንድ መሥሪያ ቤት ለገበሬ የሚበተን ወረቀት ከእንግሊዝኛ መልስልን ቢለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የእሳት ራቷ ብዙውን ጊዜ እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ "አንደርሳይድ" ነው ይላል። እኔም መዝገበ ቃላት መግለጥ እንደ ውርደት ቆጥሬ "በቅጠሉ የታችኛው ክፍል" ብዬ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ላይ ፍኖተ ሰላም ለጉዳይ ሄጄ፣ በዚያው አክስቴን ልጠይቅ ቡሬ ዘለቅሁ። ወረቀቱ ቀድሞኝ ደርሷል፤ የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል። እሳቸውም እንደታዘዙት በየማለዳው አጎንብሰው የበቆሎውን የታች ቅጠሎች፣ መሬት የሚልሱትን፣ ሲፈትሹ ሰንብተዋል። እዚያ ምንም የለም። ከላይ ግን በቆሎው ወንፊት ሆኗል።

አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። እንቁላሉ ብናኝ ለብሶ ተከምሯል።

"እቴቴ፣ እዚህ ነው'ኮ ያለው!"

"ውይ! ይሄማ ጀርባው ነው። ታዲያ ጀርባውን እዩ አይልም? ማነው ይሄን የጻፈው፣ በቆሎ አይቶ አያውቅም?"

"የተማረ ሰው ነው መሰለኝ" አልኩ።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን እኛ በየዕቃው ስም አውጥተንለታል። እንጀራ ዓይኑ ከላይ ነው፤ ምጣዱን የነካው ጀርባው ነው። አልጋና ተራራ ግርጌ አላቸው። መሬት የሚረግጠውን የእግራችንን በኩል፣ ከታች ሆኖ ሳለ፣ ውስጥ እግር እንለዋለን። ካፖርት ገበር አለው። ድስትማ ጥላሸት የሚጠቁርበት ቂጥ ነው ያለው፤ እኛ የተማርነው ግን አፍረን "መቀመጫ" እንላለን፣ ድስቱ ወንበር የፈለገ ይመስል። "የታችኛው ክፍል" የሚለውም ያው የእፍረት ልጅ ነው። እናቴ ቤት ጀርባ እያልኩ አድጌ፣ ብዕር ስጨብጥ ቃሉ የማይመጥን መሰለኝ።

ነገሩ የቋንቋ ቀልድ ቢሆን ባልከፋ። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ ትሉ አድጎ ለጋው ቅጠል ወደሚወጣበት መሃል ከገባ መድኃኒት እንኳ በቀላሉ አያገኘውም። መርጫ ለሌለው ገበሬ የሚቀረው እንቁላሉን በጊዜ አግኝቶ በእጁ ማፍረጥ ነው። ያቺን ጊዜ ነው የሰረቅኋቸው።

መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ወጣት በትሕትና "ጋሼ፣ ወረቀቱ'ኮ ተበትኖ አልቋል" አለኝ።

በማግስቱ ካፖርቴን አውልቄ አክስቴን ተከትዬ ማሳ ገባሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ወገቤ ተቆረጠ። እሳቸው ግን ቅጠል ይገለብጣሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያፈርጣሉ፣ መለስ ብለው ያንን ጸሐፊ ይረግማሉ። እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።