ውሃና መዳብ

የኮምፒዩተሬ ግራፊክስ ካርድ የሚበላው 250 ዋት ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፥ የማራገቢያው ጩኸት ቤተ ሰቡን እንቅልፍ ነሣ። በውሃ የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ደግሞ ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ መዳፍ የሚያህል ወፍራም መዳብ ገዝቼ በእጄ ለመሥራት ተነሣሁ።

መዳብ ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከአሉሚኒየም አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ውሃው የሚሄድበትን ቦይ በመጋዝ ቀደድሁ፤ ቺፑን የሚነካውን ፊት በመስተዋት ላይ በዘረጋሁት የብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አስተካከልሁ፤ ክዳኑንም በጎማና በብሎን አጠበቅሁ።

አንዲት ጠብታ የወራት ቍጠባዬን ታቃጥላለችና፥ ከካርዱ ለይቼ 24 ሰዓት ውሃ አዞርሁበት። ከሥሩ ያነጠፍሁት ወረቀት ደረቅ ሆኖ ስላደረ ገጠምሁት፤ ቤቱም ጸጥ አለ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዕቃ ቢወደድብህ እጅህን አትናቅ፤ ኤሌክትሪክ ከመልቀቅህ በፊት ግን ውሃውን አሳድረው።