ለማን እጅ ነው የተሠራው?



በመዝናኛ ክበባችን ጥግ የቆመችውን የጌም ሣጥን የማያውቃት ሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም። በሻይ ሰዓት ሰልፍ የሚያዝላት እሷ ናት። በሰሌዳዋ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ይጫወታሉ። ልብ ብሎ ላያት ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር አለባት። በአንደኛው ቦታ ጆይስቲኩ በግራ፣ ቁልፎቹ በቀኝ ናቸው። በሁለተኛው ቦታ ተገላቢጦሽ ሆኖ ጆይስቲኩ በቀኝ፣ ቁልፎቹ በግራ ተቀምጠዋል። «መምህሩ ሲሠሩት ግራ ገብቷቸው ነው» የሚል ቀልድ በኮሪደሩ ሲዞር ሰምቻለሁ። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከነምክንያቱ ብገልጸው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ሥራው የተጀመረው አምና ነው። ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ኮምፒዩተር ተገኘ። አሮጌ ስክሪን ከምናለሽ ተራ ተከራክሬ ገዛሁ። ጆይስቲኮቹንና ቁልፎቹን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ሣጥኗን ከኮምፔንሳቶ ቆርጠን ያቆምናት ከእንጨት ሥራ ክፍሉ አናጢ ጋር ነው። ቁም ሣጥን ለሠራ ሰው እንዲህ ያለው ሣጥን ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ እጅ የሚያርፍበት ሰሌዳ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ቢደበዝዝ ዓይን ይችለዋል፤ ቁልፍ ያለ ቦታው ከተቀመጠ ግን እጅ አይችለውም።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ስንት ቁልፍ?» የሚል ነበር። የዚህን ዕቃ ታሪክ ላገላበጠ ሰው መልሱ አንድ አይደለም። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ በ1972 ያወጣው «ፖንግ» የሚዞር እጀታ ብቻ ነበረው። የዚያው ኩባንያ «አስትሮይድስ» በ1979 ሲወጣ ጆይስቲክ የሚባል ነገር አልነበረውም። መንኮራኩሯን ወደ ግራ ለማዞር፣ ወደ ቀኝ ለማዞር፣ ወደፊት ለመግፋት፣ ለመተኮስና ድንገት ለመሰወር እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ተሰጥቶት በድምሩ 5 ቁልፎች ነበሩት። በ1980 የጃፓኑ ናምኮ «ፓክማን»ን ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጆይስቲክ ተጠቃለለ። በ1991 የመጣው የካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 2» ለእያንዳንዱ ተጫዋች 6 ቁልፎች አደለ፤ 3ቱ ለቡጢ፣ 3ቱ ለእርግጫ።

እንግዲህ የቁልፉን ብዛት የሚወስነው የሠሪው አምሮት ሳይሆን ዕቃው የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ መምህራን «የትምህርቱ ዓላማ ሳይለይ መርጃ መሣሪያ አይመረጥም» የምንለው ይኸው ነው። የእኛ ጨዋታዎች ቀላል ስለሆኑ ለአንድ ሰው አንድ ጆይስቲክና 4 ቁልፍ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ።

ቀጥሎ የመጣው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ 4ቱን ቁልፎች በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ አሰለፍኳቸው። በወረቀት ላይ ሲታይ እንደ ሥነ ሥርዓት ሰልፍ ያማረ ነበር። ካርቶን ላይ አውጥቼ እጄን ሳሳርፍበት ግን መሀል ጣቴ ታጠፈ፣ ትንሿ ጣቴ ተንጠራራች፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንጓዬን አመመኝ። ገበጣ ላይ ጉድጓዶቹ ቀጥ ብለው ቢሰለፉ ችግር የለውም፤ አንድ እጅ ነው በተራ የሚዞርባቸው። እዚህ ግን አራት ጣት ባንድ ጊዜ ያርፋል። ጣት ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ደግሞ ተረቱም ይነግረናል።

ስለዚህ ማስመሪያውን አስቀምጬ እጄን ካርቶን ላይ ዘርግቼ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ጣቶቼን ዘና ሳደርጋቸው ጫፎቻቸው ያረፉበትን ነጥብ ያዝኩ። ነጥቦቹ ቅስት ሠሩ፤ የመሀል ጣት ከፍ፣ ሌባ ጣት ዝቅ፣ ትንሿ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ብላ። የቁልፉ ቀዳዳ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንዱ ቁልፍ መሀል እስከ ሌላው መሀል 36 ሚሊ ሜትር ሰጠሁት። ከዚያ ቢጠብ ጣት በስሕተት ሁለቱን ይጫናል፤ እጅግ ከሰፋም ይንጠራራል። ካርቶኑን ይዤ ለባልደረቦቼ እየዞርኩ «እስቲ እጅዎን ያሳርፉበት» አልኳቸው። ሁሉም «ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔም ረካሁ። የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ በቀኝ እጃቸው የሚጽፉ መሆናቸውን ግን ልብ አላልኩም።

ጆይስቲኩ በየትኛው በኩል ይሁን የሚለውን ጥያቄማ ከነጭራሹ አላነሣሁትም። በ1981 የወጣው የኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ» ጆይስቲኩ በግራ፣ የመዝለያው ቁልፍ በቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹም ይህንኑ ልማድ ይዘዋል። ይህ ግን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በ1977 የወጣው የአታሪ የቤት ጨዋታ ዕቃ ቁልፉ በጆይስቲኩ መያዣ ግራ ማዕዘን ላይ ነበር። ተጫዋቹ መያዣውን በግራ እጁ ይዞ በግራ አውራ ጣቱ ቁልፉን ይጫናል፤ ጆይስቲኩን የሚያንቀሳቅሰው በቀኙ ነው። አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ መሆኑን አንብቤዋለሁ። ማንበብና ማሰብ ግን ለየቅል ናቸው። በትራፓኖ ለሁለቱም ቦታ ጆይስቲኩን በግራ አድርጌ ቀዳዳዎቹን አወጣሁ።

የተመረቀች ዕለት ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ ተራዋ ሲደርስ እጆቿን አጠላልፋ ቆመች። ቀኝ እጇን በግራ በኩል ወዳለው ጆይስቲክ ላከች፤ ግራ እጇን ደግሞ በላዩ አሻግራ ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ክርኗ አጠገቧ የሚጫወተውን ልጅ ይገፋል። ሳቅ ሆነ። «ልብስ ትጨምቂያለሽ እንዴ?» አላት አንዱ።

«እጅሽን አስተካክይ እንጂ» አልኳት እኔም።

«ግራኝ ነኝ፣ ቲቸር። ቁልፉን በቀኜ ስመታው ይዘገይብኛል።»

«ግድ የለም፤ ትለምጂዋለሽ።»

ምንም አልመለሰችልኝም። እጆቿን አስተካከለች፤ ወዲያው ተሸነፈች፤ ሻይዋን ይዛ ሄደች። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በሰልፉ ላይ አላየኋትም።

«ትለምጂዋለሽ» ያልኳት ቃል ግን ማታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቃሉ የኔ አልነበረምና። በ1979 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስገባ እርሳስ የያዝኩት በግራ እጄ ነበር። አስተማሪዬ በማስመሪያቸው ጫፍ እጄን መታ እያደረጉ «ትለምደዋለህ» ይሉኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማዕረግ ያገኘሁ ቀን ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጥተውኛል። እናቴም ብትሆን እንግዳ በመጣ ቁጥር በማዕድ ላይ እንዳላሳፍራት ግራ እጄን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትይዝልኝ ነበር። በቋንቋችን እንኳ «ግራ» የሚለው ቃል ዕድል የለውም። የጨነቀው ሰው ግራ ገባው ይባላል፤ የተደናገረውም ግራ ተጋባ ነው። ምርቃት ሲሆን ግን «ቀኝ ያውልህ» ነው። እኔም በመጨረሻ ለመድኩ። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው በቀኜ ነው፤ ፊደሌ ዘገምተኛ መሆኑን በክፍሌ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ዳስተሩን ግን ሳላስበው የማነሣው በግራዬ ነው።

በዚያ ሌሊት አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። በ1982 «ሮቦትሮን 2084» የሚባል ጨዋታ በአሜሪካ ወጥቶ ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ዩጂን ጃርቪስ ጨዋታው ከመሠራቱ በፊት ቀኝ እጁ በአደጋ ተጎድቶ ነበርና ጆይስቲክና ቁልፍ እንደ ወትሮው መጠቀም አልቻለም። በዚህም ምክንያት ሁለት ጆይስቲክ ያለው አሠራር ታሰበው፤ በግራው ይንቀሳቀሳሉ፣ በቀኙ ይተኩሳሉ። ሰውዬው የራሱ እጅ መጎዳት ሌላ መንገድ አሳየው። የኔም እጅ የደረሰበትን አውቃለሁ፤ ሆኖም ምንም አላሳየኝም። ይባስ ብሎ የተባልኩትን ቃል ሳልቀይር ለሌላ ሰው አቀበልኩት።

በማግሥቱ ጧት ክበቡ ሳይከፈት ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ። እንደዚያች ልጅ እጄን አጠላልፌ ቀኙን ለጆይስቲኩ፣ ግራውን ለቁልፎቹ ሰጥቼ ተጫወትኩ። ውጤቴ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። ነገር ግን ግራ እጄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ እንኳ ቁልፉን ሲመታ ማንንም አላስፈቀደም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ክበቡን የሚያጸዱት እናት ገብተው «ምነው መምህር፣ ደኅና አደሩ?» እስኪሉኝ ድረስ።

ከዚያማ ካቻቢቴ አንሥቼ ሰሌዳውን ፈታሁ። መጀመሪያ የሁለተኛውን ቦታ ሰሌዳ ቆርጬ 180 ዲግሪ ባዞረው አዲስ እንጨት አያስፈልገኝም ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ ሲዞር ጆይስቲኩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቅስቱ ግን ይገለበጣል፤ የመሀል ጣት ቁልፍ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሒሳብ ሠልጣኞች ልብ በሉ፤ ማዞርና በመስታወት ማሳየት አንድ አይደሉም። ግራ እጅ የዞረ ቀኝ እጅ ሳይሆን በመስታወት የታየ ቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ የእጅ ንድፉን ካርቶን ገልብጬ በጀርባው በኩል አሰመርኩ፤ አዲስ ኮምፔንሳቶ ተቆረጠ። አናጢያችን እየሳቁ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። የሚገባኝ ነው።

የሽቦው ሥራ አላስቸገረም። ጆይስቲኩ ሥር ያሉት 4 ትንንሽ ማይክሮስዊቾች ናቸው። ዱላው ሲያዘነብል አንዱን ይጫናል፤ በሰያፍ ሲሄድ ሁለቱን አንድ ላይ። ከያንዳንዱ ስዊችና ቁልፍ የሚወጣው ሽቦ ወደ አንዲት ትንሽ ሰርኪት ይገባል፤ ከሰርኪቷ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒዩተሩ። ለኮምፒዩተሩ ግራም ቀኝም አንድ ነው። ችግሩ ምን ጊዜም ከእንጨቱና ከሠሪው ነበር። አሁን ሰሌዳው የተያዘው በ4 ብሎን ብቻ ስለሆነ ነገ ሌላ ዓይነት እጅ ቢመጣ ፈትተን ሌላ እንሠራለን።

ልጅቷን በኮሪደር አግኝቼ «እስቲ ነይና ስሕተቴን እዪልኝ» አልኳት። መጣች። ግራ እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች፤ ሳትጫወት ለጥቂት ጊዜ ጣቶቿን አነሣች፣ አወረደች። ከዚያ ተጫወተች፤ ሦስት ሰው በተከታታይ አሸነፈች። ልብስ ትጨምቂያለሽ ያላት ልጅ አንደኛው ነበር። ስትወጣ ወደኔ ዞር ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ ወንበሮቹስ?»

«የትኞቹ ወንበሮች?»

«የአዳራሹ። መጻፊያቸው በቀኝ ነው። እኔ ጎኔን አጣምሜ ነው የምጽፈው።»

በዚያው ቀን አዳራሹ ገብቼ ወንበሮቹን ረድፍ በረድፍ አየሁ። መጻፊያው በግራ የሆነ አንድም አጣሁ። ስንት ዓመት እዚያ ቆሜ አስተምሬያለሁ! ተጣመው የሚጽፉ ሠልጣኞችን አይቼ «ምን አስጎነበሰህ፣ ቀና በል» ብዬ የተቆጣሁባቸው ጊዜያት ትዝ አሉኝ። አሁን አናጢያችን ሁለት ወንበሮችን መጻፊያቸውን ወደ ግራ እየቀየሩ ነው። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጅምር ነው።

እንግዲህ አንባብያን፣ የተገላበጠው ሰሌዳ ታሪኩ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ የምመክራችሁ እነሆ። ጨዋታውን ሳትመርጡ ቁልፍ አትቁጠሩ። እንጨት ከመብሳታችሁ በፊት ካርቶን ቅደዱ። ካርቶኑንም ለራሳችሁ እጅ ብቻ አትለኩት፤ ትንሽ እጅ ያለውን፣ ትልቅ እጅ ያለውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሌላኛው እጁ የሚሠራውን ፈልጋችሁ አሳርፉበት። እንጨት አንዴ ከተበሳ በኋላ አይደፈንም።

ተመርቃችሁ አንደኛ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ከፊታችሁ ከተቀመጡት ሕፃናት አንዱ እርሳሱን በግራው እንደሚያነሣ እርግጠኛ ነኝ። ያኔ «ትለምደዋለህ» የሚለው ቃል ምላሳችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከመናገራችሁ በፊት ግን ደብተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፤ አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ክርን ጋር እንዳይጋጭም ከዴስኩ ግራ ጫፍ አስቀምጡት። ሥራው ከዚህ አይበልጥም።

ቀኝ ያውላችሁ፤ ግራውንም አይንሳችሁ።