የታመመን መጠየቅ ማለት ደግፎ ማራመድም ነው



ታናሽ ወንድማችን አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከአዲስ አበባ ወደ ቦኖሻ ሲመለስ ቤታችን በጠያቂ ሞላ። የሁሉም ምክር «ተኛ፣ እንዳትነቃነቅ!» ነበር። ሐኪሞቹ ያዘዙት ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲራመድ ነው። ብዙ ሲተኙ ጡንቻ ይሰልላል፣ እግር ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል።

የከለከሉት ማጎንበስን፣ ከባድ ማንሳትንና ወገብን መጠምዘዝን ነው። ከአልጋ ሲነሳ ትከሻና ዳሌውን አንድ ላይ አዙሮ በጎኑ ይሆናል፤ እግሩን እያወረደ በክንዱ ተገፍቶ ይነሳል። ለመጸዳጃ ቤትም መሐሉ ክፍት የሆነ ወንበር አሠራንለት። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቆይቶ እስከ አጥሩ ሄደ።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ሱጁድ አለመውረዱ ነበር። «ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ሶላት አለ?» ብሎ አለቀሰ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው አስታወስነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። ለሩኩዕ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ለሱጁድ ደግሞ ትንሽ ይበልጥ። ያን ቀን ተረጋግቶ ሰገደ።

ወጣቶች ሆይ! እንዲህ ያለ በሽተኛ ስትጠይቁ ሐኪሙ ከፈቀደለት ክንዳችሁን ሰጥታችሁ እስከ ደጃፍ አራምዱት። ትኩሳት ከያዘው፣ ቁስሉ ከመገለ፣ እግሩ ድንገት ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን!