የቤት ቋንቋ

ዱባይ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የመዝጋቢ ቢሮ ተቀምጬ ቅጽ ስሞላ ብዕሬ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ «በቤት የሚነገር ቋንቋ» ይላል። የስድስት ዓመት ልጄ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና «እንግሊዝኛ ብለህ ጻፍ» አለችኝ፤ ያለችውም በእንግሊዝኛ ነው። የጻፍሁትን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ውድ አንባብያን፣ አገር ቤት «ኢንተርናሽናል ስኩል» የሚለው ስም ምን ዓይነት ስሜት እንደሚቀሰቅስ ታውቃላችሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በተመሠረተው በሊሴ ገብረ ማርያም አጥር ሥር ባለፍሁ ቁጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ልጆች ሌላ አገር የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ነገሩ የቅንጦት አይደለም። የዱባይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዋናነት ለአገሩ ዜጎች የቆሙ ናቸውና፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም ተራው ሒሳብ ሠራተኛም ልጁን ከፍሎ ያስተምራል።

ገበያው ሰፊ ነው። የእንግሊዝ፣ የሕንድ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ባካሎሬትም አለ። የከተማው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የግል ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ደረጃቸውን ለሕዝብ ሲያሳውቅ ቆይቷል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሪፖርቱን ከማንበቤ በፊት የመዋኛ ገንዳውን አየሁ። በልጄ በኩል ያንን የሊሴ አጥር ልሻገር የፈለግሁ ይመስለኛል።

ከዚህ ቅዠት ያባነነችኝ ባለቤቴ ናት። «ሥራህ ቢቋረጥ አንድ መንፈቅ ከኪሳችን ልንከፍለው የማንችለውን ትምህርት ቤት አትምረጥ» አለችኝ። ነገሩ ይህ ነው። የአብዛኛው ስደተኛ የመኖሪያ ፈቃድ በሥራ ውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ልጅ እዚህ መወለዱም ዜግነት አያሰጠውም። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «የትኛውን ይዘን መሄድ እንችላለን?» ነው። የሕንዶቹ ትምህርት ቤቶች ክፍያ በአመዛኙ ቀለል ያለ፣ የሒሳብ ትምህርታቸውም የተመሰገነ ነው፤ ዓመታቸው ግን የሚጀምረው በሚያዝያ ነው። ድንገት አዲስ አበባ ብንገባ ልጅቷ ከመስከረሙ አቆጣጠር ጋር ትጋጫለች። በዚህ ምክንያት ገንዳ የሌለውን፣ ደረጃው መካከለኛ የሆነውን፣ የእንግሊዝ ሥርዓት የሚከተለውን ትምህርት ቤት መረጥን።

ይሁንና የትኛውም ትምህርት ቤት የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ቀረ። እናቴ ከደሴ ስትደውል ልጅቷ «ደኅና ነኝ» ካለች በኋላ ቃል ያልቅባታል። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ትሰማኛለች?» ትለኛለች እናቴ። ትሰማለች እላታለሁ። የመስመሩን ጥራት እንዳልጠየቀችኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባካሎሬቱ፣ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ ሥነ ጽሑፍን፣ የቋንቋው መምህር ባይኖር እንኳ በትምህርት ቤቱ እየተደገፈ ራሱን እንዲያስተምር መንገድ እንዳለው ሳነብ ደስ አለኝ። ቅድመ ሁኔታው ቋንቋው በቂ የጽሑፍ ሀብት እንዲኖረው ነው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላፈራ ቋንቋ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው አንባቢው ነው። አሥር ዓመት ቆይታ ሐዲስ ዓለማየሁን የምታነብ ልጅ ዛሬ «ሀ»ን መለየት ይኖርባታል።

በየስብሰባው ስለ ሐዋላ ተጠይቀናል፣ ስለ ግድቡ ቦንድ ተጠይቀናል፤ ከፍለናልም። ስለ ፊደል የጠየቀን ግን የለም። ይህን ወቀሳ ለመንግሥት ብቻ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። የቅጹ ነገር ግን ከለከለኝ።

በቅጹ ላይ «አማርኛ» ብዬ ጻፍሁ። ልጄ አየችውና በዚያው በእንግሊዝኛዋ «ታዲያ አንተ ለምን በአማርኛ አታናግረኝም?» አለችኝ። መዝጋቢዋ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ወረቀቱን አጎንብሼ ፈረምሁ። ለካስ ከሥራ ስመለስ ደክሞኝ፣ ቶሎ እንድትረዳኝ ብዬ፣ በቀላሉ ቋንቋ ስጠራት የኖርሁት እኔው ነኝ።

ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች ፊደል ቆጥረናል። «ሐ» እና «ኀ» ለምን እንደሚለያዩ ጠይቃኝ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። የጠየቀችኝ ግን በአማርኛ ነበር።

ቸር ያሰማን።