ሞላው ወለል ላይ ሲዘረጋ

የፊዚክስ መምህር «ወንበሮቹን ወደ ዳር ግፉ» ሲል ክፍሉ ይነቃል። ሰሌዳው ሲጻፍ ያንቀላፋው ሁሉ አሁን ወለሉ ላይ ለመንበርከክ ይሽቀዳደማል። ረጅሙና ለስላሳው ሞላ ከካርቶኑ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሳይወሳሰብ የወጣበት ቀን ግን ያለ አይመስልም።

ሞላው ለትምህርት ተብሎ አልተሠራም። ሪቻርድ ጄምስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1943 ለመርከብ መሣሪያ የሚሆን ሞላ ሲሞክር አንዱ ወድቆ በራሱ ሲራመድ አየ፤ መጫወቻም አደረገው። ባለቤቱ ቤቲ «ስሊንኪ» አለችው። መምህራን የተዋሱት ከልጆች ነው ማለት ነው።

አንዱ ተማሪ ጫፉን ይዞ እጁን ወደ ጎን ቀልጠፍ አድርጎ ሲመልስ ጉብታ ይነሳና ማዶ ወዳለችው ይሮጣል። ብልህ መምህር መሃል ካሉት ቀለበቶች በአንዱ ላይ ቀይ ክር ያስራል። ዓይን ጉብታውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ክሩ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቦታው ይመለሳል እንጂ የትም አይሄድም። ጥቂት ቀለበቶች ተጨብጠው ቢለቀቁ ደግሞ ክሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይላል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ከሁለቱም ጫፍ ጉብታ ቢላክስ? ጠባብ ደረጃ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይገፋፉ አይተላለፉም። ጉብታዎቹ ግን ለቅጽበት አንድ ላይ ገዝፈው፣ ወዲያው በየመንገዳቸው ይቀጥላሉ። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ከመጣ ደግሞ መሃል ላይ ሞላው ቀጥ ይላል። የተጠፋፉ ይመስላል፤ ቀለበቶቹ ግን በዚያች ቅጽበትም እየተንቀሳቀሱ ስለሆነ ሁለቱም ተመልሰው ይወጣሉ።

መሬትም በሁለቱም መንገድ ትንቀጠቀጣለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሲሰማ ከዚያ የመጣ አንድም ድንጋይ አልነበረም። ከርዕደ መሬት ሞገዶች ቀድሞ የሚደርሰው ገፊና ሳቢው ነው፤ ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ዘግይቶ ይከተላል። በየ8 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰከንድ ያህል ስለሚለያዩ፣ በመሃላቸው ያለውን ሰከንድ የቆጠረ መነሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምታል።

ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሞላው ይበልጥ ቢለጠጥ ጉብታው ማዶ ለመድረስ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? «መንገዱ ረዝሟልና ይዘገያል» ይላል አንዱ ወገን። «ውጥረቱ ጨምሯልና ይፈጥናል» ይላል ሌላው። ሰዓት ሲያዝ ጊዜው እምብዛም አልተለወጠም! ሞላው ሲለጠጥ ውጥረቱ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ብረትም ይሳሳል፤ ስለዚህ መንገዱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ተናግሮ፣ ሁለቱም መልሱን ስቷል።

ፈተና ላይ የሚመጣው የሞገድ ፍጥነት ቀመሩ ነው፤ ድግግሞሽ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት። በቀመሩ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቢሆንም ቀመሩ ከጭቅጭቁ በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ ያልተከራከረበትን መልስ የሚያስታውስ ተማሪ ጥቂት ነውና።