ባዶዋ በርጩማ

አባቴ በፊልም የሚታየው ለዐሥራ አራት ሰከንድ ብቻ ነው። በ1988 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴ ልጅ አርብ ገበያ ላይ ያነሣው ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ከሕዝቡ መካከል ቆሟል። ወደ መጨረሻው ላይ ወደ ካሜራው ዞር ይልና፣ እንዳፈረ ሰው ፊቱን መልሶ ይወስዳል። ከዚህ ሌላ የሚንቀሳቀስ አባት የለንም።

እህቴ በጥር 1999 ዓ.ም. ስትዳር አባዬ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። የሠርጉን ቪዲዮ ማቀናበር የእኔ ድርሻ ሆነ፤ በዚያ ዘመን በቤት ኮምፒውተር የሚሠራበትን ቪዲዮ ስቱዲዮ የተባለውን ፕሮግራም ጥቂት ለምጄ ነበርና። እህቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ «ወንድምዓለም፣ አባዬን ከድግሱ እንዳታስቀረው።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ ዋናውን ቪዲዮ በላይኛው መስመር ይዘረጋል፤ ከሥሩ ሌላ የተደራቢ መስመር አለ። እዚያ ያኖሩት ምስል በዋናው ላይ እንደ ትንሽ መስኮት ሆኖ ይከፈታል። ችግሩ የመጣው ከልኩ ነው። የአባዬ ምስል በድሮው ቴሌቪዥን ልክ፣ ወርዱ ከቁመቱ 4 ለ 3 ነበር፤ ሠርጉ ግን በሰፊው በ16 ለ 9 ተቀርጿል። ተደራቢው ስክሪኑን እንዲሞላ አዘዝሁ። ታዘዘ፤ የአባቴም ፊት በአንድ ሦስተኛ ሰፋ። ዕድሜውን ሙሉ ቀጭን የነበረው ሰው፣ የማላውቀው ደልዳላ ባዕድ ሆኖ ቆመ።

ደንግጬ ወደ ቀድሞ ምጥጥኑ መለስሁትና ቢጫዎቹን የማዕዘን ነጥቦች በማውስ እየሳብሁ አሳነስሁት። አባዬ ራሱን መሰለ፤ ነገር ግን የትም ባሳርፈው ሰው ይሸፍናል። ወደ ቀኝ ሳደርገው በእርሱ ፈንታ የመረቀው አጎቴ ይጠፋል፤ ወደ ግራ ስወስደው ሚዜዎቹ። ተደራቢ ምስል ቦታ የሚያገኘው ከሌላው ወስዶ ነው። በሠርግ ፊልሞች የተለመደውን የልብ ቅርጽም ሞከርሁ። የልቡ ሹል ጫፍ ዱላውን ቆረጠው፤ ከላይ ያለው ስርጉድ ግንባሩን ወሰደበት።

በሦስተኛው ሌሊት ግን ቦታ አገኘሁ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲቀርቡ፣ አጎቴ መጥቶ ከመቀመጡ በፊት፣ ከእናቴ ጎን ያለችው በርጩማ ለስድስት ሰከንድ ባዶዋን ትታያለች። አባዬ ጸጥ ብሎ የቆመበትን ስድስት ሰከንድ ቆርጬ አወጣሁ። ከወገቡ በላይ ያለውን የሚያስቀር ጭምብል በሥዕል ፕሮግራም ሠራሁለት፤ ነጩ የሚታየው፣ ጥቁሩ የሚሰወረው ነው። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች እያንዳንዱን ማዕዘን ለየብቻው ያዘነብላሉና፣ በእነርሱ ከዳሱ አቅጣጫ ጋር አስማማሁት። ሲነጋ አባዬ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ነበር። አለቀስሁ፤ በሥራዬም ኮራሁ።

ለፋሲካ ላፕቶፑን ይዤ አርብ ገበያ ወረድሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየች። አስደግማ አየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ እሱ እኮ እዚያ አልነበረም። ያች በርጩማ ያን ቀን እንዴት እንደከበደችኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ለምን ሞላህብኝ?»

የምመልሰው አጣሁ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ባሕር ዳር ላይ ጣናን እያየሁ፣ በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ ትዝ አለችኝ። በዚያች የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። እርሷም እኮ ተደራቢ ናት። ሠዓሊው ግን በጌታ ዘመን የኖረች አስመስሎ ከባለታሪኮቹ አልቀላቀላትም፤ ከእግር ሥር፣ በገዛ ልኳ፣ ለልመና የመጣች መሆኗ እንዲታወቅ አድርጎ አኖራት። እኔ ግን አባዬን ያልኖረውን ቀን ላኖረው ተነሣሁ። ፊቱን ላለመለጠጥ ስጠነቀቅ፣ የእናቴን ኀዘን በራሴ ልክ እየቆረጥሁ እንደነበር አላየሁም።

ተደራቢውን ከመስመሩ አጠፋሁት። ዐሥራ አራቱን ሰከንድ ሙሉውን፣ ምንም ሳልነካ፣ ከሠርጉ መግቢያ በፊት ለብቻው አስቀመጥሁ። ምስሉ ጠባብ ስለሆነ በግራና በቀኙ ሁለት ጥቁር ዘንጎች ቆመዋል፤ አባዬ በመካከላቸው በራሱ ልክ ዱላውን ተደግፎ ይታያል። ዘወር ይላል፤ ያፍራል፤ ይሄዳል። ከዚያ ሠርጉ ይጀመራል።

የበርጩማዋን ስድስት ሰከንድም አልቆረጥሁም። ዛሬም ያ ቪዲዮ በቤታችን በተከፈተ ቁጥር፣ እልልታውና ጨዋታው ደምቆ ሳለ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘን ሁላችንም ዝም እንላለን።