ስለ አንዲት የተሰረቀች ጉባኤ ቃና

ባለፈው መስከረም ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማስገባት በአዲስ አበባ ከተማ ስንዞር፣ ከአንድ አጥር ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ አቁሞ አስነበበን። ትምህርቱ በሁለት ቋንቋ እንደሚሰጥ፣ ሕፃናቱ አብዛኛውን ሰዓት ከዛፍ ሥር እንደሚውሉ፣ የሚማሩትንም በገዛ ፈቃዳቸው እንደሚመርጡ ይናገራል። የክፍያውን ልክ ጠይቀን ከደመወዛችን ጋራ ካስተያየን በኋላ ዝም ብለን መንገዳችንን ቀጠልን። ዳሩ ግን መንገዱን ሁሉ ፈገግ እያልን ነበር የሄድነው፤ እንዲህ ባለ ተማሪ ቤት እኛ በልጅነታችን ያለ ምንም ክፍያ፣ ይልቁንም እየለመንን፣ ተምረንበታልና።

ትውልዳችን በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና በስተሰሜን፣ መርጡለ ማርያም ነው። መርጡል ማለት በግዕዝ አዳራሽ ማለት ነው፤ እንግዲህ የአገሩን ስም የጠራ ሰው ሳያውቀው ግዕዝ ተናግሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል፤ እኛም በልጅነታችን በጌጥ በተቀረጸው ድንጋይ ላይ ጣታችንን እየሰደድን እንጫወት ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለን ፊደልና ዳዊት ጨርሰን ወደ ቅኔ ቤት ገባን። ቅኔ ቤት ስንል አንባቢ ግንብና ወንበር እንዳይታየው እንለምናለን። ቤት የተባለው ተማሪው ራሱ ቆርጦ የሠራው የሣር ጎጆ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከደጅ ነው። ማለዳ እያንዳንዱ ደበሎውን ለብሶ ወደ ዱሩ ይበተናል፤ አንዱ ከወይራ ሥር፣ አንዱ ከቋጥኝ ጥግ፣ አንዱም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ማንም አይጠብቀው፣ ደወልም አይደወልለት። ቢተኛ ተኝቶ ይውላል። መምህሩንም የሚመርጠው ተማሪው ነው፤ የአንዱን መምህር መንገድ የጠገበ እንደ ሆነ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላው ይሻገራል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ሁለቱ ቋንቋ ደግሞ እንደሚከተለው ነው። ቅኔው በግዕዝ ይቆጠራል፤ ፍችውና ሙግቱ በአማርኛ ነው። ግስ ሲወርድም «ቀደሰ፣ አመሰገነ» እየተባለ ግዕዙና አማርኛው ተጣምረው ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለቱ ቋንቋ የሚመሳሰሉበት ቦታ ነው። «ነበረ» በግዕዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ልጅ ግን በአማርኛው ልማድ እየተሳበ ካልሆነ ቦታ ይሰካዋል። በዚህ ቃል ብዙ ተስቆብናል።

ይህን የመሰለ ነፃነት በውጭ አገርም የሞከሩት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን አጠገብ፣ በሻርሎተንቡርግ፣ ለደካማ ሕፃናት ከጥድ ጫካ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ኒል የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ሰመርሂልን መሥርቶ፣ ልጁ ካልፈለገ ክፍል እንዳይገባ ፈቀደለት። የእኛዎቹ መምህራን ይህንን ሳይሰሙ ከቶ ዘመናት አልፏቸዋል። ነገር ግን በቅኔ ቤት ነፃነቱ የቀኑ ብቻ ነው። ሲመሽ ነገራ አለ፤ ይኸውም ተማሪው ሁሉ ተራ በተራ ከየኔታ ፊት ቆሞ የዋለበትን ቅኔ ይናገራል፤ እሳቸውም ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ይጥላሉ። ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ያቀርባል። የሚፈለገውም ከዚህ በፊት ማንም ያልተናገረው ነው። በአማርኛችን ዘረፋ ማለት የሰውን ገንዘብ መቀማት ሲሆን በቅኔ ቤት ግን አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ማለት መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀናል። ማስታወቂያውን ስናነብ መጠየቅ የነበረብን፣ ሳንጠይቀው የቀረነውም ይህንኑ ነው፤ ከዛፉ ሥር የዋለውን ልጅ ማታ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ማን ነው?

ያን ጊዜ ርኃብ እንደ ነበረ አንክድም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንቆም ውሻ ነክሶናል፤ ቅማሉንና ብርዱን መተረክም አያስፈልግም። ዓይነ ሥውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ሴቶች በጎጃም ቢነሡም፣ በእኛ ጎጆዎች መካከል አንዲት ሴት ልጅ አላየንም። አብሾ የሚባል ቅጠል ጠጥተው ልባቸው የበራ ተማሪዎች አሉ ይባላል፤ እኛ አልቀመስንም፤ ምናልባት ችግራችን ከዚህ የመጣ ይሆናል።

ችግራችንም ይህ ነበር። አንድ ቀን ከወይራው ሥር ውለን ምንም ሳናገኝ መሸ። አፍረን፣ አንድ ታላቅ ተማሪ ዓምና የተናገራትን ጉባኤ ቃና ከልባችን አውጥተን በየኔታ ፊት አቀረብናት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ይህች ከአንተ በፊት እዚሁ ቆማ ነበር» አሉ። «ነገ የራስህን ይዘህ ና። ቢሰበርም የራስህን።»

አልተቆጡም፤ አልመቱንም። በማግስቱ ከማለዳ ጀምረን ብንለፋ የመጀመሪያዋን ቤት ብቻ አገኘን፤ ሁለተኛዋ እምቢ አለች። ያን ማታ ከነገራው ቀረን። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አባታችንን ለምነን ወደ አስኳላ ገባን። በዚያም ከሰሌዳው የተጻፈውን ቃል በቃል በመመለሳችን ሽልማት ተቀበልን፤ ሁለተኛ ደረጃም በዚሁ ጨረስን። ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን የምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ከቀድሞው ደብዳቤ ቀኑና ቁጥሩ እየተለወጠ የሚወጣ ነው። ማንም «ይህች ከአንተ በፊት ቆማ ነበር» ብሎን አያውቅም።

በዚህ ዓመት ለጥምቀት አገር ቤት ስንገባ የኔታን ለመሳለም ሄድን። እጅግ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስማችንንና የአባታችንን ስም ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፣

«ቅኔህን ይዘህ መጣህ?» አሉን።

«አንዲቷን ቤት ብቻ ነው፣ የኔታ» አልን።

«እስቲ እሷኑ ተናገር።»

እንደ ልጅነታችን ተነሥተን ቆምንና ተናገርን። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። «ነበረን እንደ አማርኛው አድርገሃታል» አሉ፤ ቃሏንም አርመው መለሱልን።